የመርከቡ ሰዎች

ባሕርን ለባሮቹ መንገድ ያደረገ፥ ነፋስንም በፈቃዱ የሚልክና የሚመልስ አላህ ምስጋና ይገባው። እዝነትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ፥ በቤተ ሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ሁሉ ላይ ይውረድ።

ከዚህ በኋላ፥ አንባቢ ወንድሜ ሆይ! ዛሬ ይዤልህ የመጣሁት የአንዲት መርከብ ነገር ነው። ስለ ሐበሻ ስደት በተነገረ ቁጥር የነጃሺን ፍርድና የጀዕፈርን ንግግር ትሰማለህ፤ ይህ ተገቢ ነው። ነገር ግን ወደዚያ አገር ሳታስበው የደረሰች፥ ማንም ያልላካት፥ ማንም ያልጠበቃት አንዲት መርከብ ነበረች። ወሬዋን የነገረን ከተሳፋሪዎቿ አንዱ የሆነው አቡ ሙሳ አል አሽዐሪ (ረ.ዐ.) ሲሆን፥ ቃሉም በቡኻሪና በሙስሊም መጻሕፍት ተጽፎ ይገኛል።

አሽዐሪዎች በየመን ቆላ፥ በዘቢድ አካባቢ፥ ለባሕሩ ቅርብ ሆነው የሚኖሩ ነገድ ናቸው። የአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ.) መነሣት ወሬ በደረሳቸው ጊዜ አቡ ሙሳ ከሁለት ታላላቅ ወንድሞቹ ከአቡ ቡርዳና ከአቡ ሩህም ጋር ተነሣ፤ ከሦስቱ ታናሹ እርሱ ነበረ። ከወገናቸውም ኃምሳ የሚያህሉ ሰዎች ተከተሏቸው፤ 52 ወይም 53 ይላል ዘገባው። (ይህን ማመንታት እወድደዋለሁ። ስለ አንድ ሰው ቍጥር እንኳ እንዳይዋሹ የሚጠነቀቁ ሰዎች ናቸው ይህን ያቆዩልን።) አሳባቸው ወደ ነቢዩ መድረስ ነበረ። በመርከብ ተሳፈሩ፤ መርከቢቱ ግን ወደ ፈለጉት አገር አልወሰደቻቸውም። አቡ ሙሳ በአጭር ቃል መርከባቸው ወደ ነጃሺ አገር እንደ ጣለቻቸው ብቻ ይናገራል። ስለ ማዕበሉ አይተርክም፤ ስለ ጥማትና ስለ ፍርሃትም አይዘረዝርም። ነገር ግን የቀይ ባሕርን ደቡብ የሚያውቅ ሰው ያ አንድ ቃል ምን እንደ ያዘ ይረዳል፤ በዚያ ባሕር ነፋሱ እንደ ወራቱ አቅጣጫውን ይለውጣል፥ በዳርና በዳሩም መርከብ የሚሰነጥቅ ድንጋይ ከውሃ በታች ተሸሽጎ ይኖራል።

እንግዲህ እነዚህን ሰዎች በባሕሩ ዳር ቆመው አስባቸው። ወደ አንድ ሰው ሊሄዱ ተነሥተው ወደ ሌላ አገር ወደቁ። ወደ ኋላ የሚመልሳቸው ነፋስ የለም፤ ወደ ፊት የሚያደርሳቸው መንገድ የለም፤ የአገሩንም ሰው አያውቁትም።

አያውቁትም ማለቴ እንኳ ትክክል አይደለም። በክፉ ያውቁታልና። በዚያ ባሕር በሁለቱ ዳርቻዎች መካከል ስለ ነበረው ቂም ጥቂት ልንገርህ፤ አለዚያ ከዚህ በኋላ የሚመጣውን ነገር ክብደት አታገኘውም። በአውሮጳ አቆጣጠር በ525 ዓመት ገደማ የሐበሻው ንጉሥ የካሌብ ሠራዊት ባሕሩን ተሻግሮ የመንን ያዘ። ከዚያ በኋላ አብረሃ በየመን ላይ ነገሠ፤ ዝሆን አስከትሎም ወደ መካ ዘመተ፤ የመጨረሻውንም አላህ በፊል ምዕራፍ ነግሮናል። በኋላም የፋርስ ሰዎች መጥተው ሐበሾችን ከየመን አስወጡ። ስለዚህ ለየመን ሰው ሐበሻ ማለት ከባሕር ማዶ የመጣ ገዥ ነበረ። ለመካ ሰው ደግሞ ሐበሻ ማለት ቤቱን ሊያፈርስበት የመጣ ሠራዊት ነበረ። ነቢዩ ባልደረቦቻቸውን ወደዚያ አገር ሂዱ ባሏቸው ጊዜ፥ ትናንት ከሸሹት ሕዝብ ዘንድ ተጠለሉ ማለታቸው ነበረ። ይህን ነገር አስተውለኸው ታውቃለህን?

ሦስተኛም ቂም አለ፤ እርሱም በዐረቦች መካከል ነው። ቁረይሾች የካዕባ ጠባቂዎች ነን ብለው ራሳቸውን ከሌላው ዐረብ ለይተው ነበር። በሐጅ ጊዜ እንኳ ሌላው ሕዝብ በዐረፋ ሲቆም እነርሱ ከሐረም ክልል አንወጣም ብለው በሙዝደሊፋ ይቆሙ ነበር፤ እስልምና መጥቶ ሰዎች ሁሉ ከሚወጡበት እንዲወጡ እስኪያዛቸው ድረስ። በጸሎት ቦታ ላይ እንኳ ከሌላው ጋር መቆም የከበዳቸው ነገድ ልጆች ናቸው እንግዲህ በሐበሻ ምድር በስደት የነበሩት፤ ከ80 የሚበልጡ ወንዶች፥ ሴቶችና ልጆችም። መጀመሪያ የወጡት በ615 ነው። አለቃቸው የነቢዩ አጎት ልጅ ጀዕፈር ኢብን አቡ ጧሊብ (ረ.ዐ.) ነበረ፤ ከቁረይሽም መካከል እንደ ሃሽም ቤት የተከበረ ዘር ጥቂት ነው።

ባሕሩ ሃምሳውን የየመን ሰዎች የጣላቸው ወደ እነዚህ ነው።

ጀዕፈር ምን አለ? ብዙ አልተናገረም። የአላህ መልእክተኛ ወደዚህ እንደ ላኩንና እንድንቀመጥ እንዳዘዙን ነገራቸው፤ እናንተም ከእኛ ጋር ተቀመጡ አላቸው። ይኸው ነው። የማን ልጆች ናችሁ ብሎ ሲጠይቅ አናይም። እኛ ራሳችን በሰው አገር እንግዶች ነን፥ ለንጉሡ ሸክም እንዳንሆንበት እንፈራለን ሲልም አንሰማም። ወንድሜ ሆይ፥ ስደተኛ ሌላ ስደተኛ ሲመጣ ሲያይ ብዙ ጊዜ ልቡ ይጠብባል፤ ያገኘኋትን ቍራሽ ሊካፈለኝ መጣ ይላል። ሀብታም ከሚነፍገው ይልቅ ድኻ የሚነፍገው ስስት ይመርራል፤ ምክንያት አለውና። ጀዕፈርም ምክንያት ነበረው፤ ነገር ግን አልተጠቀመበትም።

ይህ ሰው እንዴት ያለ እንደ ነበረ ልታውቅ ብትወድድ አቡ ሁረይራን (ረ.ዐ.) ጠይቀው። እርሱ በመዲና በረኀብ ሆዱን በድንጋይ የሚያስር ድኻ በነበረ ጊዜ፥ ለድኾች ከሰው ሁሉ የተሻለ ጀዕፈር እንደ ነበረ ይመሰክራል። ወደ ቤቱ ይወስዳቸውና ያለውን ያበላቸዋል፤ ምንም ሲያጣ ደግሞ ባዶውን የቅቤ ስልቻ ያወጣላቸዋል፤ እነርሱም ሰንጥቀው በውስጡ የተጣበቀውን ይልሱታል። ባዶ ስልቻ ለእንግዳ ማቅረብ የሚያሳፍረው ሰው ብዙ ነው። ጀዕፈርን ያላሳፈረው ምን ይመስልሃል? እኔ እንደሚመስለኝ በሐበሻ የኖረው ዘመን ነው። ጥቂትን ነገር ጥቂት ነው ብሎ መደበቅን ያስረሳ ዘመን።

አሽዐሪዎችስ? ነቢዩ ስለ እነርሱ የተናገሩት አለ። በዘመቻ ስንቅ ሲያልቅባቸው ወይም በመዲና ለቤተ ሰቦቻቸው ምግብ ሲያንስባቸው፥ በየቤቱ ያለውን ሁሉ በአንድ ጨርቅ ላይ ያፈስሱና በአንድ መስፈሪያ እኩል ይከፋፈሉታል፤ ስለዚህም ነቢዩ እነርሱ ከእኔ ናቸው፥ እኔም ከእነርሱ ነኝ ብለው አከበሯቸው። ልብ በል፤ የተከበሩበት ነገር ብዙ መስጠታቸው አይደለም። ብዙ የነበረውና ጥቂት የነበረው እህላቸው በአንዱ ጨርቅ ላይ ከተቀላቀለ በኋላ ማንም የእኔ ይኸ ነው ሊል የማይችል መሆኑ ነው። ባዶ ስልቻውን የሚሰነጥቀው ቁረይሻዊና እህሉን በአንድ ጨርቅ ላይ የሚያፈስሰው የመን ሰው በአንድ የባዕድ አገር ተገናኙ፤ እስኪመለሱም ድረስ በአንድነት ተቀመጡ።

የአገሩን ንጉሥ ረስቼው አይደለም። በሃይማኖት የማይመስላቸው ሰው ነበረ፤ ከመካ የመጡት መልእክተኞች ለመኳንንቱና ለእርሱ የተመረጠ ቆዳ በስጦታ አቅርበው ስደተኞቹን እንዲሰጣቸው በጠየቁ ጊዜ ሁለቱን ወገን ሳይሰማ አልፈረደም። ይህን ታውቀዋለህ። ምናልባት የማታውቀው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ኢብን ኢስሓቅ እንደሚተርከው በንጉሡ ላይ ሰው ተነሣበት፤ መንግሥቱን ሊወስድ ተዋጋው። ከስደተኞቹ አንዷ የነበረችው ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ.) ስለዚያ ቀን ስትናገር፥ ከዚያ የባሰ ሐዘን አልደረሰብንም ትላለች፤ የእነርሱን መብት የማያውቅ ሌላ ሰው ይነግሥ ይሆናል ብለው ፈርተዋልና። ከመካከላቸው በዕድሜ ታናሽ የነበረውን ዙበይርን መረጡ፤ ስልቻ ነፍተው በደረቱ ሥር አደረጉለት፤ እርሱም ዐባይን ዋኝቶ ተሻግሮ ጦርነቱን ሊያይ ሄደ። የቀሩት ግን ለንጉሡ ድል ይጸልዩ ነበር። ዙበይር ልብሱን እያወዛወዘ የድሉን ወሬ ይዞ በተመለሰ ጊዜ የተሰማቸውን ደስታ የሚያህል እንዳላዩ ትናገራለች።

አንባቢ ሆይ፥ ይህን ቆም ብለህ ተመልከተው። በዝሆኑ ዓመት ታሪክ ያደጉ የመካ ሰዎች ለሐበሻ ንጉሥ ድል ጸለዩ። ያን ጸሎት ያመጣው ስብከት አይደለም። የእርሱ መውደቅ የእነርሱ መውደቅ እንደ ሆነ ማየታቸው ነው።

ነቢዩም ለዚህ ነገር ምሳሌ ሰጥተውናል። ሰዎች በአንዲት መርከብ ላይ ዕጣ ተጣጣሉ፤ ለአንዳንዶቹ ላይኛው ክፍል፥ ለአንዳንዶቹ ታችኛው ደረሳቸው። ከታች ያሉት ውሃ ለመቅዳት በላይኞቹ መካከል ያልፉ ነበር። በቲርሚዚ ዘገባ ላይኞቹ፥ እየወጣችሁ አታስቸግሩን ብለው ይከለክሏቸዋል። በዚህ ጊዜ የታችኞቹ፥ በድርሻችን ላይ ቀዳዳ እንብሳ ብለው አሰቡ። ቢተዉአቸው ሁሉም ይጠፋሉ፤ እጃቸውን ቢይዙአቸው ሁሉም ይድናሉ። ሰባኪዎች ይህን ምሳሌ ሲያነቡ መርከቢቱን የሚበሳውን ሰው ብቻ ይገሥጻሉ። መገሠጹ ይገባል። ነገር ግን ቀዳዳው የተጀመረው መጥረቢያው ከመነሣቱ በፊት፥ የታችኛው ሰው ባልዲውን ይዞ ሲያልፍ ላይኛው ሰው ፊቱን ባዞረ ጊዜ ነው። ላይና ታች ያደረጋቸውም ዕጣ ነው፤ ዘር አይደለም፥ ሥራም አይደለም።

አሁን ወደ መመለሻው እንምጣ፤ የዚህ ጽሑፌ ዋና ነገር ያለው በዚያ ነውና። በ7ኛው ዓመተ ሂጅራ (628) ጀዕፈርና ባልደረቦቹ፥ አቡ ሙሳና አሽዐሪዎቹም፥ በአንድነት በመርከብ ተመለሱ። ነቢዩን ያገኟቸው ኸይበር በተያዘ ጊዜ ነው። ነቢዩም በጦርነቱ ላይ ላልነበረ ሰው ከምርኮው ድርሻ አልሰጡም ነበር፤ ለመርከቡ ሰዎች ግን ሰጡ። አሽዐሪዎቹም በመዲና ሰፈሩ። ነቢዩ ቀን የት እንዳረፉ ባያዩ እንኳ ሌሊት ቁርኣን ሲያነቡ ከድምፃቸው ሰፈራቸውን ያውቁ እንደ ነበር ተናግረዋል።

ነገር ግን በመዲና ያሉ አንዳንድ ሰዎች ለመርከቡ ሰዎች፥ በሂጅራ ቀድመናችኋል ይሏቸው ጀመር።

የጀዕፈር ሚስት አስማ ቢንት ዑመይስ (ረ.ዐ.) የነቢዩን ባለቤት ሐፍሷን ልትጠይቅ ሄዳ ሳለች የሐፍሷ አባት ዑመር (ረ.ዐ.) ገባ። ይህች ማን ናት ብሎ ጠየቀ፤ አስማ እንደ ሆነች ተነገረው። ያቺ ሐበሻይቱ? ያቺ ባሕረኛይቱ? አለ። እርስዋም አዎን አለች። እርሱም በሂጅራ ቀድመናችኋልና ለአላህ መልእክተኛ ከእናንተ ይልቅ እኛ እንቀርባለን አለ።

አስማ ሐበሻ አልነበረችም፤ ከኸሥዐም ነገድ የሆነች ዐረብ ናት። ነገር ግን በስደት ረዥም ዓመታት ስለ ኖረች፥ ሦስት ልጆችዋንም በዚያ ስለ ወለደች፥ አገሩ ስም ሆኖባት ተመለሰች። እኔ ዑመር በክፋት ተናገረው አልልም፤ እርሱ ከእኔና ከአንተ በእጅጉ የተሻለ ነው። ይህን የምነግርህም እንዲህ ያለ ሰው እንኳ በምላሱ ላይ ሊያልፍበት የሚችል ነገር መሆኑን እንድታይ ነው። ደግሞም ባሕርን በአንድነት መሻገር ከሁሉ ከባዱ አይደለም። በማዕበል ውስጥ ማንም የማንንም ዘር አይጠይቅም። ሰዎች መቅደምንና መከተልን የሚቈጥሩት በደረቅ መሬት ላይ፥ ጥጋብ ሲመጣ፥ ምርኮ ሲከፈል ነው።

አስማ ተቈጣች። ዝምታም ትሕትና ነው ብላ አልተወችውም። እናንተ ከአላህ መልእክተኛ ጋር ነበራችሁ፥ የተራበውን ያበሉላችሁ፥ ያላወቀውን ያስተምሩላችሁ ነበር፤ እኛ ግን ከዘመድ በራቀና ፍቅር በሌለበት አገር ነበርን፥ እንሠቃይና እንፈራም ነበር፤ ይህም ሁሉ ስለ አላህና ስለ መልእክተኛው ነው ብላ መለሰችለት። የንጉሡ ፍትሕ የአገሩን ሰው ሁሉ እንዳላስወደዳቸው ከዚህ ታያለህ፤ አስማ ያለፈውን መከራ በጣፋጭ ቃል አትሸፍንም። ከዚያም የተናገርከውን ለነቢዩ እስክነግር ድረስ አልበላም አልጠጣም ብላ ማለች፤ ስትነግራቸውም እንደማትዋሽ፥ ነገሩንም እንደማታጣምምና እንደማትጨምርበት አስቀድማ ቃል ገባች። ቅሬታ ያለህ ሰው ሆይ፥ ይህን መሐላ ከእርስዋ ተማር። ተበድያለሁ የሚል ብዙ ነው፤ ሲናገር አንዲት ቃል የማይጨምር ግን ጥቂት ነው።

ነቢዩም ሰሟትና ዑመር ከእናንተ ይልቅ ለእኔ አይቀርብም አሉ፤ ለእርሱና ለባልደረቦቹ አንድ ሂጅራ አላቸው፥ ለእናንተ ለመርከቡ ሰዎች ግን ሁለት ሂጅራ አላችሁ አሏት።

እንግዲህ ፍርዱን አስተውል። ሰዎች እንደ ጕድለት የቈጠሩባቸውን፥ ዘግይቶ መምጣታቸውን፥ ነቢዩ እንደ ትርፍ ቈጠሩላቸው። ከጀዕፈርም ጋር የየመን ሰዎቹን አንድ ስም ሰጧቸው። ቁረይሾችና አሽዐሪዎች ብለው አልለዩአቸውም፤ የመርከቡ ሰዎች አሏቸው።

በዚያው ከሐበሻ ከተመለሱት መካከል ኡሙ ኻሊድ የምትባል ትንሽ ልጅ ነበረች፤ የተወለደችው በስደት ነው። ነቢዩ የመጣላቸውን ጥለት ያለበት ልብስ ለማን ላልብሰው ብለው ጠይቀው እርስዋን አስጠሩ፤ በእጃቸው አለበሷት፤ ጥለቱንም እያሳዩ ሰናህ አሏት። ይህም በሐበሻ ቋንቋ መልካም ማለት ነው። (ግዕዝ የሚያውቅ የሐበሻ አንባቢ ሠናይ የሚለውን ቃል ያስታውሳል።) አስማን ሐበሻይቱ ብለው በጠሯት ከተማ ውስጥ፥ የአላህ መልእክተኛ ለስደተኛይቱ ልጅ ያደገችበትን ቃል ተናገሩላት። ለእኔ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ወንድሜ ሆይ፥ ያ ባሕር ዛሬም እዚያው ነው። በባብ አል መንደብ ከዳር እስከ ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። በእኛ ዘመን የኢትዮጵያና የሶማሊያ ወጣቶች ከጅቡቲና ከቦሳሶ በትናንሽ ጀልባ ተጨናንቀው ወደ የመን ይሻገራሉ፤ ብዙዎችም ሰጥመው ቀርተዋል። በ2015 ደግሞ በየመን ጦርነት ሲበረታ የየመን ሰዎች ያንኑ ባሕር በተቃራኒው ተሻግረው በጅቡቲ በኦቦክ ተጠለሉ። አሽዐሪዎቹን የጣለ ነፋስ የዘመናችንንም ሰዎች ወዲህና ወዲያ ይጥላል። አንዱ በሌላው ዳር ሲወድቅ በዳሩ ላይ ቆሞ የሚጠብቀው ማን ነው? ተቀመጡ የሚለው ጀዕፈር ነው፥ ወይስ ቀድመናችኋል የሚለው?

ሩቅ አትሂድ፤ ወደ መስጊድህ ና። በሰልፉ መጨረሻ የሚቆመውን፥ ከሌላ አገር የመጣውን፥ አነጋገሩ የሚያስቅህን ሰው ታውቀዋለህ። ስሙን ታውቃለህን? ወይስ ያንን ጥቁሩን፥ ያንን ቆለኛውን፥ ያንን መጤውን እያልህ ትጠራዋለህ? ይህን መስጊድ አባቴ ሲሠራ ድንጋይ ተሸክሟል ትለኝ ይሆናል። እውነት ነው፤ አላህ ይቀበለው። ነገር ግን የአባትህ ድንጋይ ለአንተ የበላይ ወንበር አልተሠራበትም። በሑጁራት ምዕራፍ አላህ ሰዎችን ነገድና ጐሣ ያደረጋቸው እንዲተዋወቁ እንደ ሆነ ይነግረናል፤ ከዚያው ጥቂት አስቀድሞም በክፉ ስም መጠራራትን ይከለክላል። የሰውየውን ስም ሳትጠይቅ እንዴት ልትተዋወቀው ትችላለህ? የዛሬውን ጁምዓ ሰላት ስትጨርስ ለመውጣት አትቸኩል፤ ወደ እርሱ ሂድና ጠይቀው። ምናልባት የሚበላው የለው ይሆናል፤ በቤትህም ባዶ ስልቻ እንጂ ሌላ ላይኖር ይችላል።

ስሙን የተነጠቅህ ሰው አንተ ከሆንህ ደግሞ፥ ነገርህን ይዘህ እንደ አስማ ቀጥ ብለህ ሂድ፤ አንዲትም አትጨምር።

ጀዕፈር ከተመለሰ በኋላ ብዙ አልቈየም፤ በሚቀጥለው ዓመት በሙእታ ተሰዋ። አቡ ሙሳ ግን ዘመኑ ረዘመ። አስማ እንደምትናገረው፥ ያን የነቢዩን ቃል ከሰማች በኋላ የመርከቡ ሰዎች በቡድን በቡድን ሆነው ወደ ቤትዋ እየመጡ ይጠይቋት ነበር፤ ከዓለም ነገር ሁሉ እንደዚያ ደስ ያሰኛቸው አልነበረም። አቡ ሙሳም ተመልሶ ይመጣና እንደ ገና እንድትነግረው ይለምናት ነበር፤ እርስዋም ትነግረዋለች።